መልስ፦ ላይብረሪው 16 ኪሎባይት ፔጅ እስኪደግፍ ምን ላድርግ?

ሰላም ወንድሜ፣ የአንድሮይድ አፕህ የሚጠቀመው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) 16 ኪሎባይት ፔጅ፣ ማለትም ሲስተሙ ሜሞሪን የሚከፋፍልበት ቁራጭ፣ ገና አይደግፍም ብለሃል። ችግሩ ያንተ ኮድ ላይ አይደለም። የሚያስቸግረው ላይብረሪው ይዞት የሚመጣው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ክፍል ነው። ለ4 ኪሎባይት ፔጅ ኮምፓይል ስለተደረገ 16 ኪሎባይት በሚጠቀም ስልክ ላይ አፑ ላይከፈት ይችላል።

የላይብረሪው ኮድ ክፍት ከሆነ ዝም ብለህ አትጠብቅ። በኤንዲኬ 28 (የአንድሮይድ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ መገንቢያ መሣሪያ) ራስህ ቢልድ አድርገው፤ ከዚህ ቨርዥን ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ሴቲንግ ለ16 ኪሎባይት ያዘጋጅልሃል። ኮዱ ውስጥ 4096 (4 ኪሎባይት በባይት ሲቆጠር) ተብሎ በእጅ የተጻፈ የፔጅ መጠን ካለም አስተካክለው። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ በኋላ ግን ዋጋ ታስከፍላለች።

ዝግ ከሆነ አዘጋጆቹን ቁርጥ ያለ ቀን ጠይቃቸው። ጎግል ፕሌይ አንድሮይድ 15ን እና ከዚያ በላይን ታርጌት ለሚያደርጉ አፖች 16 ኪሎባይት ፔጅ መደገፍን ግዴታ ያደረገው ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ቀን ካልሰጡህ ዛሬውኑ ሌላ ላይብረሪ ፈልግ።