«ለግቢዬ ምን መድኃኒት ልርጭ?» ላልሽው

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የገባችሁበትን ግቢ ሙጃ ወርሶታል፣ ጦጣ ማንጎውን ጨርሶታል፣ አርጃኖም አይታችኋል። «ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት ንገሩኝ» ብለሻል። እኔም ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው የምኖረው። ምንም አትርጪ ባይ ነኝ።

ከጥያቄሽ ሥር አንዱ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ግዢ ብሎሻል። ቱ ፎር ዲ እኮ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን አረም ነው። ሙጃ ሣር ነው፤ አይነካውም። የሚጎዳው ጎመንሽንና ቲማቲምሽን ነው። ነፋስ ከወሰደው ደግሞ የጎረቤት ፓፓያ ይጠወልግና ጠብ ትገዣለሽ። ሙጃን ዘር ሳይቋጥር፣ ዝናብ መሬቱን ባራሰው ማግስት ከነሥሩ ንቀይው። የነቀልሽውን ከአትክልት ልጣጭ፣ ከቡና አተላና ከፍግ ጋር ከምሪው፤ ኮምፖስት ይወጣዋል። ያኔ ዩሪያ መግዛት ይቀርልሻል። ክረምት ላይ ከየግቢው የሚታጠበው ማዳበሪያ በቦይ ወርዶ ጣና ይገባል፤ እምቦጭም የሚፋፋው በእሱ ነው። በነገራችን ላይ አበባው ያምራል ብለው እምቦጭን ለግቢ ኩሬ የሚወስዱ ሰዎች አሉ። በፍጹም! ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

አርጃኖን ተዪው። አይጥ ይበላልሻል። የዶሮ እንቁላልና ጫጩት ካገኘም አይምርም፤ ስለዚህ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ድፈኝ። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ግን አይገባኝም። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ እየተንገዳገደች ትወጣለች። እሷን የበላ ጉጉት ወይም ድመት ይመረዛል። ጉጉት ሟርተኛ ናት እየተባለ በድንጋይ ትባረራለች እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስታድን ነው የምታድረው።

ዋናው ጣጣ ጦጣ ነው። ማንጎ ስታገኝ አንዱን ነክሳ ትጥልና ሌላውን ትቀጥፋለች። ከዛፉ ሥር የጥርስ ምልክት ያለበት ጥሬ ማንጎ ተዘርግፎ ታዪዋለሽ። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። መፍትሔው ቀድሞ መልቀም ነው። ማንጎ ከቅርንጫፉ በተንጠለጠለበት በኩል ትከሻው ሞልቶ ክብ ሲል ደርሷል ማለት ነው፤ አረንጓዴ ቢሆንም ልቀሚውና ቤት ውስጥ ካርቶን ውስጥ ይብሰል። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ይኑረው። ልጆቹም «ታሳዝናለች» ብለው ሙዝ እንዳይወረውሩላት። ከሰው እጅ የለመደች ጦጣ መስኮት ከፍታ ከመግባት አትመለስም። ውሻ አታስነክሺያት፤ ስትጨነቅ ትነክሳለች። ማንንም ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም።

ትንኝም አንስተሻል። ግቢ ውስጥ ፍሊት ብትነፊ ለአንድ ምሽት ቢሆን ነው። ያረጀ ጎማ፣ የተጣለ ባልዲ፣ የተደፈነ አሸንዳ ፈልጊ። ውስጡ እየተጠማዘዘ የሚዋኝ ቀጭን ትል ካየሽ እሱ የነገ ትንኝ ነው። በየሳምንቱ ድፊው። እንቁራሪቶቹን አታባርሪ፣ ማታ የሌሊት ወፍ ስታይም አትደንግጪ። ሁለቱም ከትንኙ ይቀንሱልሻል።

ወፎች ግቢውን ያቆሽሻሉ ብለሽ ዋንዛዋን ልታስቆርጪ ያሰብሽውን ግን እንደገና አስቢበት። አበባዋን ንብ ይቀስመዋል፣ ፍሬዋም ለልጆችሽ ይጣፍጣል። ጣሪያውን የነካውን ቅርንጫፍ ብቻ አስገርዢ፤ ጦጣዎቹ ወደ ኩሽናሽ የሚወርዱት በእሱ ሳይሆን አይቀርም። ዛፍ የሚገርዝ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፣ ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ።