ሁሉ ስደት ስለ ስሙ አይደለም

ፈተና ባለበት ቦታ እንደ ክርስቲያን ስለ መኖር ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠሁት መልስ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ በእምነቴ ምክንያት ይጠሉኛል። ይህ ስደት ይባላል?

መልስ፦ ሊባል ይችላል። አስቀድሜ ግን ልጠይቅህ፤ ሥራህን በሰዓቱ ታስረክባለህ? ሳይጠየቁ መምከርስ ታበዛለህ? ጥያቄው ካስቀየመህ፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ ከእኔ ይብሳል። በመጀመሪያ መልእክቱ (4፥15) እንደ ነፍሰ ገዳይና እንደ ሌባ መከራ አትቀበሉ ካለ በኋላ፣ በሰው ጉዳይ የሚገባውንም እዚያው ይጨምረዋል። ጌታም «ብፁዓን ናችሁ» ያለው ክፉው ነገር በውሸት ሲነገርብን ነው። የሚወራብን እውነት ከሆነ የሚቀረን ንስሐ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ያልገባ ዕቃ እንደ ገባ አድርጌ እንድፈርም አዞኛል። እንቢ ካልሁ ሥራዬን አጣለሁ፤ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ አትፈርሚ። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል፣ ለአንቺ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አነጋገርሽ ላይ ግን ብልሃት ይኑርሽ። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ከወሰነ በኋላ አልፎከረም፤ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። ሰውዬው ለራሱ ሲፈራ ደግሞ ወደ መጋቢው ሄዶ የ10 ቀን ሙከራ ጠየቀ። አንቺም አለቃሽን በሰው ፊት ሳታሳፍሪ ለብቻው አግኝተሽ «ዕቃው ሲገባ ቆጥሬ በዚያኑ ቀን እፈርማለሁ» በይው። ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ፤ የሰነዱንም ግልባጭ ያዢ። ያም ሆኖ ልትባረሪ ትችያለሽ፤ ዳንኤልም በኋላ አንበሳ ጉድጓድ ገብቷል። «አትፈርሚ» ብሎ የመከረሽ ጉባኤ የቤት ኪራይ ሲደርስ ዘወር ካለ፣ ወቀሳው ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሕይወቴን ለማትረፍ ብሸሽ ክህደት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጌታ ራሱ «በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሏል። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ በ250 እ.ኤ.አ. ስደት ተሸሽጎ ምእመናኑን በደብዳቤ ሲጠብቅ ብዙ ተወቅሷል፤ በ258 ግን በዚያው በከተማው በሰይፍ ሞተ።

ጥያቄ፦ ሲያስፈራሩኝ «ክርስቲያን አይደለሁም» ብያለሁ። መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ጴጥሮስም ተመልሷል። በዚያው በ250 የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ ሕዝቡ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙዎች ሠዉ፤ ሌሎች ሳይሠዉ «ሠውቷል» የሚል ወረቀት ገዙ። ወረቀት የገዙትም «እጄን አላረከስሁም» ማለት አላዋጣቸውም፤ እንደ ወደቁ ተቆጠሩ። ኖቫትያን የተባለው ቄስ የወደቀ ከቶ አይመለስ ብሎ ሲለይ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን በንስሐ ተቀበለቻቸው። ስለዚህ ለንስሐ አባትህ ወይም ለመጋቢህ ሳታለባብስ ተናገር።

ጥያቄ፦ የመታኝን ሰው ብከስስ «ሌላውን ጉንጭህን አዙር» የሚለውን መጣስ አይሆንም?

መልስ፦ ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ በስውር ሊለቁት ሲሉ፣ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ መጡም። በቀል የተከለከለ ነው፤ ፍርድ መጠየቅ አልተከለከለም። ክሱን ስታጽፍ ግን አንዱ ጥፊ ሁለት እንዳይሆን።