«ላሻፔል አዋለደች» ወይስ «አዋለዱ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ዱዤስ ቤተሰብ ለባልደረቦቼ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሴቶቹ አዋላጆች፣ ወንዶቹ ሐኪሞችና የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የነበሩበት የፈረንሳይ ቤተሰብ ነው። «ዱዤስ በ1821 ዓረፉ። ዱዤስ መጽሐፉን በ3 ቅጽ አወጡ» ብዬ ብጽፍ፣ የመጀመሪያው ስለ አዋላጇ ማሪ ሉዊዝ ላሻፔል፣ ሁለተኛው ስለ ሐኪሙ አንትዋን ዱዤስ ሆኖ ሳለ፣ ጓደኛዬ «ሞተው እንዴት አወጡ?» አለችኝ። አንቱታውን ልተወው? ድፍረት አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። ተዪው፣ ድፍረትም አይሆንብሽም። የትምህርት ቤት መጻሕፍታችን «ኒውተን አገኘ»፣ «ማሪ ኩሪ አገኘች» ሲሉ ማንም አልተቀየመም።

ችግሩ አንቱታና ብዙ ቁጥር አንድ ግስ መጋራታቸው ነው። «አዋለዱ» ሲባል አንዲት የተከበረች ሴት ትሁን፣ አንድ ወንድ ይሁን፣ አሥር ሰዎች ይሁኑ አይታወቅም። «ሚኒስትሩ ገለጹ» ላይ ይህ አያስቸግርም፤ ባለቤቱ ፊት ለፊት አለ። አንቺ ግን የያዝሽው አንድ ስም ለትውልድ የተካፈሉ ሰዎችን ነው፤ በዚያ ላይ አንቱታ ሲጨመር ሁሉም ይደበላለቃል። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው አይደል? መጀመሪያ ሙሉ ስሙን አስቀምጪና ከዚያ በኋላ ማሪ ሉዊዝ፣ አንትዋን፣ አልፍሬዶ እያልሽ ሂጂ።

እንዲህ ልጀምርልሽ፦ «ማሪ ሉዊዝ በ1769 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ተወለደች። እናቷ ማሪ ዦኔ የኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ዋና አዋላጅ ነበረች። ሙያውን ከእናቷ ተማረች።» እዚህ ቆም በይ። የተማረችው ማን ናት? አንቱታው ቢወጣም ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ ግሱ ብቻውን አይለያቸውም፣ እንዲያውም መጨረሻ ላይ የተጠራችው እናትየው ስለሆነች አንባቢ የሴት አያቷን መፈለግ ይጀምራል። «ማሪ ሉዊዝም ሙያውን ከእናቷ ተማረች» በይው፣ አለቀ። ስም መደጋገም አያሳፍርም። ላሻፔል የባሏ ስም መሆኑንም እዚያው ጠቁሚ፣ አለበለዚያ ከዱዤሶች ጋር ምን እንዳገናኛት አይገባም።

አንትዋን ላይ ስትደርሺ ሌላ ነገር አለ። ከማሪ ሉዊዝ በኩል ካወራሽው «የወንድሟ ልጅ» ወይም «የእህቷ ልጅ» ብሎ መምረጥ ይመጣል። ከእሱ በኩል ከጀመርሽው ግን «አክስቱ» ይበቃል፦ «አንትዋን አክስቱ ሳትጨርሰው የሞተችውን የማዋለድ መጽሐፍ አሰናድቶ በ3 ቅጽ አወጣ፤ ሥራው በ1825 ተጠናቀቀ።» ይኸው ሟችና አሳታሚ ተለዩ።

ክብሩን በግስ ሳይሆን በሥራቸው አሳዪ። ፈረንሳዊው የማዋለድ ሐኪም ባውደሎክ 94 ያደረሳቸውን የፅንስ አቀማመጦች ማሪ ሉዊዝ ወደ 22 አወረደቻቸው፤ አዋላጅ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንትዋን በፈረንሳይዋ ከተማ ሞንፔሊዬ ውስጥ የማዋለድ ሕክምና እያስተማረ ጠፍጣፋ ትሎችን ያጠና ነበር። ሲቆረጥ መልሶ የሚያድገው ዱጌዥያ የተባለው ትል በስሙ የተጠራ ነው። ልጁ አልፍሬዶ በ1853 ወደ ሜክሲኮ ሄዶ ጓናኋቶ ከተማ ሕሙማን እያከመ የአገሩን እባቦችና እንሽላሊቶች አጠና። ሌላው ልጅ ኤውዤን ጢንዚዛ ላይ አተኮረ። «ወንድማማቾቹ ሜክሲኮ ውስጥ ሠሩ» ስትዪ ታዲያ ያ «ሠሩ» በእውነት ሁለት ሰው ነው፣ ማንም አይሳሳትም።

ማዕረግ ላይ ተጠንቀቂ። «ዶክተር» እና «ማዳም» አንቱታን ጎትተው ይመጣሉ፤ «ማዳም ላሻፔል አዋለደች» ጆሮ ይቆረቁራል። «ሐኪሙ አንትዋን»፣ «አዋላጇ ማሪ ሉዊዝ» ብትዪ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «አንትዋን አሳተሙ፣ ማሪ ሉዊዝ አዋለደች» የሚል አጻጻፍ በየቦታው አያለሁ፣ ያናድደኛልም። ሐኪሙ አንቱ፣ አዋላጇ አንቺ የምትሆንበት ምክንያት የለም። ለአንዱ ከተውሽው ለሁሉም ተዪው።