ጎንደር ዙሪያ ቤተ ክርስቲያን ልትተክሉ ለምትመጡ፦ ከአዳራሹ በፊት የመቃብሩን ነገር ጨርሱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከሐዋሳ ሦስት ሆናችሁ በመስከረም እንደምትመጡ፣ ለአንድ ዓመት የአዳራሽ ኪራይ፣ ኪቦርድና ሞንታርቦ እንደተያዘላችሁ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የወንጌል አማኞች ሕብረት መጀመር እንዳሰባችሁ ጽፈሃል፤ «ከምን እንጀምር? መሪስ ከየት እናምጣ?» ብለሃል። ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ስለ ጸሎት የመለሱልህ ትክክል ነው፣ እሱን አልደግመውም። እኔ የምነግርህ የላኪ ቤተ ክርስቲያን ዕቅድ ላይ የማይጻፈውን ነው። እዚህ አካባቢ አዲስ አጥቢያ ሲፈርስ ያየነው ሰባኪ ጠፍቶ አይደለም፤ አማኝ ሲሞት የሚቀበርበት ጠፍቶ ነው።

1. አዳራሽ አትከራዩ፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት። በትንሽ ከተማ ታፔላ ከአማኝ ቀድሞ ከተሰቀለ መጀመሪያ የሚጎዳው አከራዩ ነው። ጎረቤት ያኮርፈዋል፣ የንስሐ አባቱ ቤቱ መምጣት ያቆማሉ፣ የእድሩ ዳኛ ጠርተው «ለጴንጤ አከራየህ አሉ?» ይሉታል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ በሁለተኛው ወር ቁልፍ የሚቀይር አከራይ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ መኖር አለበት። ሞንታርቦውን እዚያው ሐዋሳ ተዉት፣ ገንዘቡ ከታች ለምነግርህ ነገር ይፈለጋል።

የምትጀምሩት በሰው ቤት ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ «በዚያም የሰላም ልጅ ቢኖር» ያለው (ሉቃ. 10፥6) እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። የሰላም ልጅ ግን ቶሎ የወደዳችሁ ሰው ማለት አይደለም። ቶሎ የሚጠጋችሁ ወጣት ብዙ ጊዜ ሥራ የፈለገ ወይም ከቤተሰቡ የተጣላ ነው። አስተምሩት፣ ውደዱት፣ ሕብረቱ ግን በእሱ ቤት አይጀመር። የምትፈልጉት ለቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ የሚለቀቅለትን አባወራ፣ ወይም ቡና ስታፈላ ጎረቤቱን የምትሰበስብ እማወራ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፦ የነገራችሁትን የወንጌል ታሪክ እናንተ በሌላችሁበት ለሌላ ሰው ነግሮ ከቆያችሁ፣ ያ ቤት ነው።

በዚያ ቤት ወንጌል ሲነበብ ተነሥታችሁ ቁሙ። የአገሬው ሰው በቅዳሴ ወንጌልን ቆሞ ነው የሚሰማው። እግራችሁን አነባብራችሁ ከስልክ ስታነቡ ካየ ቃሉን ትቶ አቀማመጣችሁን ይዞ ይሄዳል። የ1954ቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ተጠቀሙ፣ ለጆሮው የሚቀርበው እሱ ነው። ሰዓቱን እሑድ ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ጠዋት ከቅዳሴ ጋር ካጋጫችሁት ገና ለመስማት የመጣውን ሰው ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ታጣሉታላችሁ።

ደግሞ ሥራ ይኑራችሁ። የሚታይ ሥራ፦ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ቤት፣ ሞባይል ጥገና፣ ነርስነት። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። የእንግዳ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» ነው፤ የሚታይ ሥራ ሳይኖርህ ኪራይ በሰዓቱ ከከፈልህ «ከውጭ ብር ይላክላቸዋል» ተብሎ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ክልል መጥተው ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚሰበሰቡ ሰዎች በሁሉም ወገን ይጠረጠራሉ። ስለዚህ በገባችሁ ሳምንት የላኪ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ተመዝገቡ፣ ስብሰባችሁ በብርሃን ይሁን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቁ ከከተማ ከተማ አትንቀሳቀሱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማመንንም ማምለክንም ይፈቅድላችኋል፤ እሱን ግን ለመጨረሻው ቀን አስቀምጡት እንጂ የመጀመሪያ ሰላምታ አታድርጉት።

2. ማተብ አታስበጥሱ። አንድ ሰው ባመነ ሳምንት «ይህን ክር ጣለው» የሚል አገልጋይ ያንን ሰው ከእናቱ ይለየዋል። በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ አንገቱ ላይ የታሰረ ክር ነው። እናቱ ባዶ አንገቱን ስታይ የምታስበው ስለ ትምህርተ ደኅንነት አይደለም፤ ልጄ ካደ ነው የምትለው። ቃሉ ሲገባው በራሱ ጊዜ ይወስናል። ረቡዕና ዓርብ ከቤታችሁ የዶሮ ወጥ ሽታ አይውጣ። ስለ እመቤታችን ክርክር አትክፈቱ፣ ሌላው ቢከፍተውም «ቅድስት ድንግል ማርያም» ብላችሁ በአክብሮት ጠርታችሁ ወደ ወንጌሉ ተመለሱ። አንዴ «ጸረ ማርያም» ከተባላችሁ በሩ ሁሉ ይዘጋል። ይህን የምልህ ለብልሃት ብቻ አይደለም፣ የአገሩን ቁስል ስለማውቅ ነው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ አስገብተው ወንድም ከወንድም ተራርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ አሉ። ልጃቸው ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ አባርረው ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ከተማዋ የቆመችው በዚያ ደም ማግስት ነው፤ ከሩቅ መጥቶ «እምነታችሁን ልለውጥ» የሚል ሰው እዚህ የሚያስታውሰው ምን እንደሆነ እወቁ።

3. የመጀመሪያውን ጥምቀት ከማድረጋችሁ በፊት መቃብር ይኑራችሁ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

በገጠሩና በትንንሾቹ ከተሞች የመቃብር ቦታ የሚባለው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ እምነቱን የለወጠ ሰው እዚያ አይቀበርም። ሰው ሌሊት ካረፈ በማግስቱ እንዲቀበር ነው የሚጠበቀው፣ የሬሳ ማቆያ ማቀዝቀዣ የለም። ደብሩ እንቢ ይላል። ቀበሌው «ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አምጡ» ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። አይሱዙ ተፈልጎ ሬሳው ወደ ጎንደር ሊጫን ሲል ዘመድ መንገድ ይዘጋል፦ «በመጨረሻ ሰዓት ተመልሷል በሉና እኛ እንቅበረው»። መበለቲቱ በሰው ሁሉ ፊት «አዎ ተመልሷል» እንድትል ትገደዳለች። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንደር ማንም ደፍሮ ወደ ሕብረቱ አይመጣም፣ የነበሩትም አንድ በአንድ ይቀራሉ። ሰው ለራሱ መሰደብን ይችላል፣ ከሥራ መባረርንም ይችላል፤ የአባቱ ሬሳ ሜዳ ላይ ሲውል ግን አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ጎንደር ከተማ መቃብር ካላቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከአንዱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። «ችግር የለም፣ ወንድሞች ነን» የሚል የቃል ተስፋ አትቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ሌሊት የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን እንደሆነ፣ የመኪናውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ለሞንታርቦው የተያዘው ገንዘብ ለዚህ መኪና በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የራሳችሁን ቦታ ጠይቁ፣ ጥያቄውም ሰው ሳይሞት ይግባ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የእናት ቤተ ክርስቲያናችሁ ማመልከቻ በማኅተም፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የአባላት ስም ዝርዝር ከነመታወቂያ ቅጂው፣ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል የድጋፍ ደብዳቤ። ካውንስሉ በ2012 በአዋጅ የተቋቋመ ስለሆነ ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ ክብደት አለው። ማመልከቻውን ይዞ የሚሄደው የአገሬው ሽማግሌ ይሁን፤ አንተ በሐዋሳ መታወቂያ ከቀረብህ ጉዳዩ «የመጤ ጥያቄ» ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ወረቀቱን ለባለሙያ በእጅ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት ይግባ፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመቱ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ውስጥ የእኛ ፋይል «ጠፍቷል» ተብሏል፣ ባለሙያው ቀና ብሎ ሳያየን «ለእናንተ የሚሆን መሬት የለም» ብሎናል። ጎንደሬ ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በር ላይ ቆመው እንዲህ መመለሱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ያዳነን ግልባጩ ላይ የነበረው ቁጥር ነው። አለቃው መዝገቡን አስመጥቶ ሲያይ የጠፋው ፋይል በዚያው ሰዓት ተገኘ። ዛሬ ቦታው ታጥሮ ቆሟል፣ ሌሎች ቤተ እምነቶችም ይቀብሩበታል።

ቦታው ሲሰጥ በግለሰብ ስም አይሁን። «ለጊዜው በእገሌ ስም ይያዝ» የሚሉት ነገር ሰውየው ሲሞት ወራሾቹን ባለ መቃብር ያደርጋቸዋል። በቤተ ክርስቲያኗ ስም ካርታ ይውጣ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በተረከባችሁበት ሳምንት አራቱን ማዕዘን በድንጋይና በሲሚንቶ ምልክት አድርጉ፣ በእሾህ ሽቦ እጠሩ። ባሕር ዛፍ አትትከሉ፣ የአጎራባቹን ገበሬ ማሳ ያደርቅና ክስ ያመጣል፤ ጽድ ይሻላል። ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን፣ በጥልቀት ያልተቆፈረ መቃብር ጅብ ያወጣዋል። ይህ በአንድ ሌሊት ቢደርስ የሚወራው ለዓመታት ነው።

ከመቃብሩ ጋር የእድሩ ነገር አለ። አማኞቻችሁን ከእድር አታስወጡ። መዋጮ በሰዓቱ ይክፈሉ፣ የማንም ለቅሶ ቢሆን ድንኳን ይትከሉ፣ ሬሳ ይሸከሙ፣ ሳይጠሩ ይገኙ። ማኅበር ሌላ ነው፤ በቅዱስ ስም በየተራ የሚደገስበት ስለሆነ ሊወጡ ይችላሉ። ነገር ግን ተራው ሊደርስ ሲል የሚወጣ ሰው «በልቶ ጠጥቶ ተራውን በላ» ይባላል፣ ሰዎቹም ልክ ናቸው። የበላውን ያህል ከፍሎ፣ አመስግኖ ይውጣ። ይህን የሚያደርግ አማኝ ሲሞት የእድሩ ሰዎች ራሳቸው ሊሸከሙት ይመጣሉ።

4. መሪ ከየት? ከዚያው ቤት። ጎንደር ከተማ ስትደርስ በዩኒቨርሲቲው ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ አካባቢ የሞላ የተማሪ ሕብረት ታያለህ፣ ከደቡብ የመጡ ልጆች ናቸው፣ አምልኳቸው ልብ ያሞቃል። ሲመረቁ ግን ይሄዳሉ። እነሱን ቆጥራችሁ «ቤተ ክርስቲያን ተተከለ» ብላችሁ ሪፖርት አትላኩ። በመዝሙርና በሕፃናት ትምህርት ይርዱ፣ የሽምግልናው ወንበር ግን ለሚቀር ሰው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የቀድሞ ዲያቆን ወይም የቆሎ ተማሪ ሲያምን ነው። ዳዊት በቃሉ ያውቃል፣ ግእዝ ያውቃል፣ ላኪዎቻችሁ በደስታ አዲስ አበባ ወስደው መድረክ ላይ ያወጡታል፣ ምስክርነቱ በዩቲዩብ ይለቀቃል። በማግስቱ ቪዲዮው መንደሩ ገብቷል። አባቱ ካህን ከሆኑ በደብሩ ፊት ተዋርደዋል፣ ልጁ ወደ ቤቱ መመለሻ የለውም፣ ሕብረቱ የተጀመረበትም ቤት ተጋልጧል። ጳውሎስ ስለ መሪ ሲጽፍ «አዲስ ክርስቲያን አይሁን» ያለው (1ጢሞ. 3፥6) ለዚህ ነው። ካሜራ ወደ ሕብረቱ ቤት አይግባ፣ ላኪዎቻችሁ ለሪፖርት ፎቶ ቢጠይቁም እንቢ በሉ። ያ ወጣት ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ ሽማግሌ ሥር ይቆይ፤ ከቆየ ማንም ሴሚናሪ የማይሰጣችሁ መምህር ይወጣዋል።

የሥልጠናው ጊዜ በአገሩ ወቅት ይመራ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙ ወንዶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ጥር ሠርግ ነው። የሚሻለው ዐቢይ ጾም ነው፤ ሠርግ የለም፣ ዋናው የእርሻ ሥራ ገና ነው፣ ሰው ቤቱ ይገኛል። አራት ወይም አምስት ሰው ብቻ ያዙ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ቀን። ግማሹ ማንበብ ስለማይችል ደብተር አይሁን መለኪያው። አንድ የማርቆስ ታሪክ ይነገር፣ እያንዳንዱ በራሱ አፍ ይድገመው፣ እስከሚቀጥለው ጊዜ ለማን እንደሚነግርና ምን እንደሚታዘዝ ይናገር። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን ነገርህ?» ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ለማንም ያልነገረውን አታባርሩት፣ ለመሪነት ግን አትቁጠሩት። 2ጢሞ. 2፥2 ላይ አራት ትውልድ አለ፦ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ እነሱ የሚያስተምሯቸው ሌሎች፤ ሦስተኛው ትውልድ ሰው ሲያስተምር ካላያችሁ ሥራው ገና በእናንተ ትከሻ ላይ ነው።

ደመወዝ አትጀምሩ። ከሐዋሳ በወር የሚላክለት ወንጌላዊ ድጋፉ ሲቆም ይቆማል፣ ሌሎቹም «እሱ ይከፈለዋል፣ ይሥራ» ብለው ይቀመጣሉ። መባው በዚያው ሳጥን ይሰብሰብ፣ ሦስት ሰው ይቁጠረው፣ የመጀመሪያው ወጪም ለአንድ መበለት ጤፍ ይሁን። መሪዎቹን በስድስተኛው ወር ማስተማርም መጸለይም አስጀምሯቸው፣ እናንተ ኋላ ተቀመጡ፣ ሲሳሳቱ በጉባኤ ፊት አታርሟቸው።

በመስከረም ከመጣችሁ መጀመሪያ ጎንደር እረፉ፣ የመቃብሩን ስምምነት በጥቅምት ፈርሙ፣ ከዚያ ውጡ። የማመልከቻውን ናሙናና የስምምነቱን ቅጽ አዘጋጅቼ አለኝ፤ የምትሄዱበትን ከተማ ስም እዚህ አትጻፈው፣ በውስጥ መስመር ላክልኝና እልክልሃለሁ።