ስለ ቴምዝ ወንዙ ሥዕል፦ እባክሽ ውኃ አታስነኪው

እህቴ፣ ለንደን ውስጥ ስትንከባከቢያቸው የነበሩት እናት የሰጡሽ አሮጌ ሥዕል የወንዝ ዳር መጋዘኖችና ጀልባዎች እንዳሉበት፣ ከፊት አንድ ሰው እንደተቀመጠ፣ ግርጌው ላይም «ዊስለር 1859» እንደሚል ጽፈሻል። እውነተኛ ነው ወይ፣ ቢጫውን ነጠብጣብስ በውኃ ላጥበው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከሁለተኛው ልጀምር፤ አትጠቢው፣ በዳቦም አትፈትጊው፣ ጠርዙንም አትቁረጪ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት በክፈፍ ሥራ ስለኖርኩ ነው። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቤት አንድ የቆየ ኅትመት ለተዘጋጀ ክፈፍ እንዲስማማ ኅዳጉ ተቆርጦ ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጠፈ። ማስመሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የኅትመቱ ምስክር ያለው እዚያ ኅዳግ ላይ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ኤቺንግ ይባላል። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባል፤ ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው ቦታ ብቻ ይበላል። ከዚያ ጭረቶቹ ቀለም ይሞላሉ፣ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦ በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ስለዚህ በሥዕሉ ዙሪያ የሰሌዳው ጠርዝ የረገጠው ጎድጎድ ያለ መስመር ይቀራል፤ የጥቁሩ መስመር ቀለምም ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ብርሃን ከጎን አብሪበት፤ ሁለቱንም ታያለሽ። በአጉሊ መነጽር ስታዪው መስመሮቹ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠሩ ከሆኑ ግን ከፎቶግራፍ የታተመ ቅጂ ነው። ስሙና ዓመቱ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ መዳቡ ላይ የተጫሩ ስለሆኑ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አብረው ይወጣሉ።

እንደ ገለጻሽ ከሆነ ሥዕሉ «ብላክ ላየን ዋርፍ» ይመስለኛል፤ «የጥቁር አንበሳ ማራገፊያ» እንደ ማለት ነው። የሰሌዳው ልክ 15 በ22.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ከተለየ ተጠራጠሪ። ጄምስ ማክኒል ዊስለር በ1834 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። መዳብ መጫርን የተማረው እዚሁ ዋሽንግተን፣ የባሕር ጠረፍ ካርታ በሚሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በ1854 መጨረሻ ገብቶ ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ። በ1859፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ለንደን ወንዝ ዳር ወርዶ የጭነት ሠራተኞችንና ጀልባዎቻቸውን ሣለ። ሰሌዳዎቹ በ1871 አሥራ ስድስት ሆነው በአንድ ስብስብ ታተሙ።

የምወደውን ልንገርሽ። ከኋላ ያሉትን መጋዘኖች እያንዳንዱን ሳንቃና መስኮት ቆጥሮ የጫረ ሰው፣ ከፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ግን በልቅ ጭረት አልፎታል። ዓይናችን ከሰውዬው ላይ ሳይቆም ውኃውን ተሻግሮ ወደ ማዶ ይሄዳል። ሠዓሊው ራሱም ይህን ሥራ ይወደው እንደነበር እገምታለሁ፤ በ1871 እናቱን በሣለበት በዚያ ዝነኛ ሥዕል ውስጥ ከበስተጀርባቸው ግድግዳ ላይ የሰቀለው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ቅጂዎች የሰሌዳ ጠርዝ ስላላቸው ባለሙያንም ያታልላሉ። ስለዚህ ከእውነተኛው ጋር አስተያዪው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም የኅትመቶችና የንድፎች ክፍሉን በቀጠሮ ለጎብኚ ይከፍታል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲም የዊስለርን ኤቺንጎች ዝርዝር ከነምስላቸው በኢንተርኔት አስቀምጧል። ቢጫው ነጠብጣብ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። እስከዚያው ፀሐይ ከማይደርስበትና እርጥበት ከሌለው ቦታ አኑሪው፤ ከቻልሽም የወረቀቱን ጀርባና አራቱን ማዕዘን በጎን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን።