«ቲቸር ሲሠሩት ይገባኛል፤ ብቻዬን ስሆን ይጠፋኛል»

ጤና ይስጥልኝ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብ በአማርኛ ስንማር ጎበዝ ከሚባሉት ነበርኩ። ዘንድሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነና አልጀብራ ላይ ጭራሽ ጠፋሁ። ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሲሠሩት ይገባኛል፤ እቤት ብቻዬን ስሞክረው አይመጣልኝም። ፈተና ላይ 3ኤክስ = 12 የሚል ጥያቄ ወጥቶ 9 ብዬ መለስኩ። «ቁጥር ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ስለተባልን 3ቱን አሻግሬ ቀነስኩ። ታላቅ ወንድሜ «ሒሳብ ተሰጥኦ ነው፤ አንቺ በቃ ሶሻል ግቢ» ይለኛል። እኔ ግን ናቹራል ገብቼ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

ልጄ፣ ወንድምሽ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ግን ተሳስቷል። አንቺ 3ቱን የቀነስሽው የሸመደድሽውን ሕግ አምነሽ ነው። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ነው፤ ቁጥር የትም አይሻገርም።

ኤክስ + 3 = 12 ቢሆን፣ ከሁለቱም ወገን 3 እንቀንሳለን። በግራ ኤክስ ብቻውን ይቀራል፣ በቀኝ 9። 3ቱ የተሻገረ የሚመስለው ለዚህ ነው። 3ኤክስ ማለት ግን ኤክስ በ3 ተባዝቷል ማለት ነው። ብዜትን የሚፈታው ማካፈል ነው፤ ሁለቱንም ወገን ለ3 አካፍይ፣ ኤክስ 4 ይሆናል። ለጊዜው በእያንዳንዱ መስመር ጎን ያደረግሽውን ጻፊ፦ «ከሁለቱም 3 ቀነስኩ»፣ «ሁለቱንም ለ3 አካፈልኩ»። ያዘገይሻል፤ ይሁን፣ አትቸኩይ።

ደግሞ እኩልታ ስትፈቺ ራስሽን ማረም ትችያለሽ። 9ን መልሰሽ ብታስገቢው 3 ጊዜ 9፣ 27 ነው፤ 12 አልሆነም። ፈተና ላይም ቢሆን ይህን ሳታደርጊ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አትለፊ።

እንግሊዝኛው የሚከብድሽ በተለይ በዓረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ (ወርድ ፕሮብለም) ላይ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጥያቄውን በራስሽ አማርኛ ጻፊው። ለምሳሌ፦ የእናት ዕድሜ የልጇ 3 እጥፍ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ 2 እጥፍ ይሆናል። ልጅየውን ኤክስ ካልነው እናትየዋ 3ኤክስ ናት። ከ10 ዓመት በኋላ 3ኤክስ + 10 = 2(ኤክስ + 10)። ቅንፉ ሲፈታ 2ኤክስ + 20 ነው፤ ልጁ 10፣ እናቱ 30 ዓመታቸው ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ 2ኤክስ + 10 ብሎ ይጽፋል። ያኔ ኤክስ 0 ይወጣል፤ ልጁም እናቱም ገና ዛሬ ተወለዱ ማለት ነው! እንዲህ ያለ መልስ ሲወጣ ወደ ቅንፉ ተመለሺ።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። −2(ኤክስ − 4) ሲፈታ መጨረሻ ላይ የሚመጣው +8 ነው ወይስ −8? ካመነታሽ የጎደለሽ ከአልጀብራ በፊት ያለው ነው፤ የኔጌቲቭ ቁጥርና የክፍልፋይ ትምህርት። (መልሱ +8 ነው።) የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፍሽን አውጪ፣ እነዚህን ሁለት ምዕራፎች በአማርኛ እንደገና ሥሪ። ወደ ኋላ ተመለስኩ ብለሽ አትፈሪ። በ9ኛ ክፍል አልጀብራ የሚወድቁ አብዛኞቹ ልጆች የሚወድቁት በምልክትና በክፍልፋይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሲሠሩት ይገባኛል» ላልሽው፣ ማየትና መሥራት ለየቅል ናቸው። ቲቸር የሠሩትን ምሳሌ ጥያቄውን ብቻ ባዶ ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ ደብተሩን ዝጊ፣ ሥሪ። ስትቆሚ ቀጣዩን አንድ መስመር ብቻ አይተሽ መልሰሽ ዝጊው። በዚያም ካልሆነ በማግስቱ ደብተርሽን ይዘሽ ቲቸር ጋ ሂጂ። «አልጀብራ አልገባኝም» ብቻ ብትያቸው ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም። «ከዚህ መስመር ወደዚህኛው እንዴት መጡ?» ብለሽ በጣትሽ አሳያቸው።