በትንፋሽ ካንሰርን የሚለየውን መሣሪያ ለእናቴ ላስመጣላት?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በእንጨትና በኩበት እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን፤ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ሳል ከያዛት ከወር በላይ ሆኗል። ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕና እንክብል ብንገዛላትም ለውጥ የለም፤ ልብሷም እየሰፋት ነው። ሆስፒታል እንሂድ ስላት “ካንሰር ነው ቢሉኝስ” ብላ እምቢ አለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በትንፋሽ ብቻ ካንሰርን የሚለይ መሣሪያ በኢንተርኔት ሲሸጥ አይቷል። ገዝቶ ይላክልን?
ጥ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ መሣሪያውን አይላከው። ገንዘቡን ይላከው፤ ለራጅና ለመጓጓዣ ይሆናል።

ወንድምሽ ያየው ነገር ግን ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም። ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎበት ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ታካሚ ትንፋሹ አሴቶን አሴቶን (እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ይሸታል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይደርስ ሽታው ይነግረናል። ሊነስ ፖውሊንግ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1971 በሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አሳይቷል። ዛሬ የጨጓራ ባክቴሪያ በትንፋሽ ይመረመራል፦ ታካሚው ልዩ ካርቦን ያለበት ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር ይጠጣል፤ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ ያ ካርቦን በትንፋሽ ሲወጣ ይለካል። ለአስም ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይለካል። በሁለቱም የሚፈለገው ነገር አንድና የታወቀ ነው።

የሳንባ ካንሰር ግን የራሱ ብቻ የሆነ አንድ ጋዝ አልተገኘለትም። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት የብዙ ጋዞችን ቅንብር ነው፤ መጠናቸውም ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ነው። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በሚገኘው የቴክኒዮን የቴክኖሎጂ ተቋም ሆሳም ሃይክ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች በሠሩት ዳሳሽ (ሴንሰር) የታማሚዎችን ትንፋሽ ከጤነኞች ለይተዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ተስፋ የማደርግበትም ነው። ሆኖም ከምርምር ቤት ወጥቶ ራጅንና ሲቲ ስካንን የሚተካ መሣሪያ እስካሁን የለም። እስቲ የእናትሽን ትንፋሽ አስቢ፦ የጠዋቱ ቡና አለበት፣ ሽሮፑ አለበት፣ የክፍሉ አየር አለበት፣ ከሁሉ በላይ የማድ ቤቱ ጭስ አለበት። ይህ ሁሉ የራሱን ጋዝ ይጨምራል። መሣሪያው ከዚህ መካከል የበሽታውን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ይኖርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሣሪያው “ካንሰር የለም” ያለ እንደሆነ ነው። እናትሽ ደስ ብሏቸው ቤት ይቀራሉ። አንቺ የጻፍሽልኝ ምልክት ግን፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልና ክብደት መቀነስ፣ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሳንባ ነቀርሳን ነው። ይህ ደግሞ የሚድን በሽታ ነው፤ ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ሳይታወቅ በቆየ ቁጥር እሳቸውን ይጎዳል፣ ልጅ ልጆችንም ይይዛል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። “ካንሰር ነው ቢሉኝስ” ያሉትን አትከራከሪያቸው፤ “አክታ ሰጥተሽ እንመለስ” ብቻ በያቸው። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ደጅ ወጥተው በረጅሙ ተንፍሰው ከደረታቸው ጥልቅ ይሳሉ። ምራቅ አይጠቅምም፤ የሚፈለገው ወፈር ያለው አክታ ነው። ጂን ኤክስፐርት የተባለው ማሽን በሁለት ሰዓት ገደማ የቲቢውን ተህዋስ ብቻ ሳይሆን ዋናውን መድኃኒት መላመዱን ጭምር ይናገራል። ራጅም ይነሡ። አክታው ነጻ ከሆነ፣ ለዓመታት የገባው ጭስ የአየር ቧንቧቸውን አጥብቦት እንደሆነ በሚነፋ መለኪያ ይታያል። ራጁ ላይ አጠራጣሪ ነገር ከታየ ደግሞ ሲቲ ስካንና ከሳንባው የሚወሰድ ናሙና ይከተላሉ። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

አክታቸው ደም ከቀላቀለ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ነገ ሳትዪ በዚያው ቀን ውሰጃቸው። እንክብል መግዛቱን አቁሚ፤ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የቲቢን ምልክት ለጊዜው ያለዝቡና ምርመራውን ያዘገያሉ። እስካሁን የዋጡትን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያና ቀድሞ የተነሡት ራጅ ካለ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር ያስተያየዋል።